ተቀምጬ እጄን የታጠብኩበት ቤት

እትዬ አየለች፣ ከሰላምታው በፊት አንድ የሚያሳፍር ነገር ሹክ ልበልሽ፤ እሱን ካልተነፈስኩ እጄ ሌላ ነገር አልጽፍ ብሎኛል። ባለፈው ቅዳሜ የገዛ ቤቴን በር ማንኳኳት ፈርቼ መኪና ውስጥ ተደብቄ ነበር። አዎ፣ እኔ ብርሃነሽ። እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ካለው ኮንዶሚኒየማችን ፊት ለፊት መኪናዬን አቁሜ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጬ፣ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ። የሕንፃው ጥበቃ መጥቶ መስኮቱን መታ መታ አደረገና ምን ልርዳሽ አለኝ። ሰው እየጠበቅኩ ነው አልኩት። የቤቱ ባለቤት ነኝ ማለት እንዴት እንዳቃተኝ አሁንም ሳስበው ፊቴ ይግላል። ምን እንዳስፈራኝ ቆየት ብዬ እነግርሻለሁ፤ ለጊዜው ይህን ያዢልኝ።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበይኝ። ለመሆኑ እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ እንዴት ነው? የላክሁልሽን ቀበቶ ታደርጊዋለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ አዲስ ዕቃ ነው ብለሽ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈሽበታል? ጋሼ ንጋቱስ እንዴት ናቸው፣ ጉልበታቸው የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ መውጣት ጀመረ? ልጆችሽስ? የሚናስ አዲሱ አለቃ አሁንም እያስመሸው ነው? ዮዲስ ፈተናዋን እንዴት አደረገችው? እኛ ለመድኃኔዓለም ምስጋና ይግባውና ሁላችንም ደኅና ነን። ባሌ ታዴዎስ ጤናው ጥሩ ነው፤ ኩርፊያው ነው እንጂ ያስቸገረኝ፣ እሱንም ትሰሚያለሽ። ልጄ ቤዚ ኮሌጅ ገብታለች፤ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፣ ሁለታችንም ለምደነዋል።

በስልክ መጨረስ ስችል ለምን ወረቀት እንደያዝኩ ሳይገርምሽ አይቀርም። አንቺ ስልኩን ስፒከር ላይ ታደርጊዋለሽ፤ ጋሼ ንጋቱ ይሰማሉ፣ ሚናስ ይሰማል፣ ለጨው የመጣች ጎረቤትም አረፍ ብላ ትሰማለች። ይህን ነገር ለዚያ ሁሉ ሰው ማውራት አልቻልኩም። የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ብስራት ወደ አዲስ አበባ ስለምትመጣ በእጇ ልኬልሻለሁ።

ደግሞም የጥያቄሽ ዕዳ አለብኝ። በመጨረሻ ስናወራ፣ ከግቢው ጀርባ ያሠራችኋቸውን ሁለት ክፍሎች ለማኅበርተኛሽ ልጅ ልታከራዪ መሆኑን ነግረሽኝ፣ አንቺ አሜሪካ አገር አከራይ ነሽና እስቲ ምከሪኝ ብለሽኝ ነበር። ውል ግን አላስፈርማትም፣ እጄ ላይ ላደገች ልጅ ውል ምን ያደርጋል አልሽ። እኔም ሳቅ ብዬ ወሬ ለወጥኩ። የሳቅሁት ስለሚያስቅ እንዳይመስልሽ፤ ያን ዕለት ጠዋት የምናከራየውን ቤት ወለል ከሚያድሱ ሠራተኞች ጋር ስነታረክ ነበር ያረፈድኩት።

ያንን አሌክሳንድሪያ ላንድማርክ አካባቢ ያለውን ቤት ታስታውሺዋለሽ፤ ቤዚን ልታዪ የመጣሽ ጊዜ ያረፍሽበት ነው። ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንዛወር ሸጠን ልንገላገለው ነበር። ግን የእኛ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ሁሉም ሰው የቤት ባለሙያ ነው። ከቅዳሴ ወጥተን ሻይ ስንጠጣ፣ ቤት አይሸጥም፣ አከራዩት፣ ቤት ራሱን ይከፍላል ይሉናል። እኛም አመንን። እትዬ፣ ቤት ራሱን ሲከፍል አላየሁም። እኔ የማየው እኔና ታዴዎስ ስንከፍልለት ነው። ምድጃው ቢበላሽ የእኛ፣ የሕንፃው ማኅበር መዋጮ ቢጨምር የእኛ፣ ሊፍቱ ቢቆም እንኳ ከየቤቱ ድርሻ ይነሣል። ይህን በአዳራሹ የነገረኝ ሰው የለም፤ ወይም ነግሮኝ እኔ አልሰማሁም።

የመጀመሪያ ተከራያችን አንዲት ፊሊፒናዊት ነርስ ነበረች። ኤጀንት፣ የዚህ አገር የቤት ደላላ ነው ያመጣልን፤ ውሉ ወፍራም፣ ሴትዮዋ ጠንቃቃ። ታዲያ ትደውላለች። ፍሪጁ ያንጎራጉራል ትለኛለች። የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲዘጋ ይጮኻል ትለኛለች። አንድ ቀን የቧንቧ ጠብታ በስልኳ ቀርፃ ላከችልኝ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ለአበልጄ ለእታለማሁ አወራላት ነበር። እታለማሁ ማለት ቤዚን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሣቻት ናት፤ አንቺም ስትመጪ አይተሻታል፣ ያቺ ቁመተ ረጅሟ። የነርሷን ድምፅ እያስመሰልኩ፣ አምፖል ተቃጠለ ብላ ልትቀሰቅሰኝ እኮ ነው ስላት፣ እታለማሁ እንባዋ እስኪፈስ ትስቅ ነበር። ያቺ ሳቅ ምን እንዳስከፈለችኝ ስነግርሽ አታምኚኝም።

ነርሷ ወጣች። በዚያው ሰሞን እነ እታለማሁ ውድብሪጅ የተከራዩት ቤት ሊሸጥባቸው ሆነ። እሷ አልጠየቀችኝም፤ የምትጠይቅ ሰው አይደለችም። እኔው ነኝ የእኛ ቤት ባዶ ሆኖ እናንተ የት ትሄዳላችሁ ብዬ የተቆጣኋት። ኤጀንቱ ሲሰማ የነሱንም ክሬዲት፣ ዕዳቸውን በወቅቱ መክፈላቸውን እናጣራ፣ ውልም እናዘጋጅ አለኝ። የአበልጄን ክሬዲት ላስመረምር? ከፍቶኝ ስልኩን ዘጋሁበት። ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱንም ቁልፍ መዳፏ ላይ አኖርኩ። አንዱን እኔ ጋ ማስቀረት፣ አላምንሽም ማለት መስሎኝ ነው።

ኪራይ የከለከሉኝ ከመሰለሽ ተሳስተሻል። አንድም ወር አላዘገዩብኝም፤ እንዲያውም ቀኑ ሳይደርስ ነበር የሚያስገቡት። እኔም ከዓመት ዓመት አንድም ዶላር ሳልጨምርባቸው ተቀመጡ። ባሏ ወንድሜነህ ጨዋ ሰው ነው፣ ልጃቸው ዓብዩ እግሩን እያበሰ የሚገባ ልጅ ነው። አንድም ቀን አንድም ነገር ተበላሸ ብላኝ አታውቅም። እኔም በአዳራሹ፣ ለአገር ልጅ ማከራየት እንዲህ ነው፣ ድምፁም አይሰማ እያልኩ እኩራራ ነበር።

በበዓልም፣ በልደትም እንሄድ ነበር። እንደ አከራይ አይደለም፤ እንደ እንግዳ። ሶፋው ላይ እንቀመጣለን፣ ማዕድ ይቀርባል። አንዴ በዳግማይ ትንሣኤ እጄን ልታጠብ ወደ ወጥ ቤት ብድግ ስል፣ እታለማሁ ከየት መጣች ሳልላት ማስታጠቢያውንና ጆጉን ይዛ ፊቴ ቆመች። ተቀመጪ እንጂ አበልጄ፣ አንቺ እኔ ቤት ቆመሽ ትታጠቢያለሽ? አለችኝ። ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ለብ ያለ ውኃ እያንቆረቆረች አስታጠበችኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ለታዴዎስ፣ አየህ አክብሮት፣ እንዲህ ያለ ወግ የቀረው እሷ ቤት ብቻ ነው አልኩት። ከዚያ በኋላም በሄድኩ ቁጥር ተቀምጬ ነበር የምታጠበው። ወጥ ቤቱን አንድም ቀን ረግጬው አላውቅም።

በነሐሴ፣ ፍልሰታ እንደተፈታ፣ የሕንፃው አስተዳደር ደወለልኝ። ከእኛ ቤት በታች የሚኖሩት ሽማግሌ ኮርኒሳቸው ረጥቦ ረጥቦ ምግብ ጠረጴዛቸው ላይ ወድቋል፤ ደግነቱ እሳቸው ሳሎን ነበሩ። እነ እታለማሁ ለወንድሜነህ ታናሽ ወንድም ሠርግ ዳላስ ሄደዋል። እኔ ደግሞ ቁልፍ የለኝም። የገዛ ቤቴን በር ቁልፍ ሠራተኛ ከፈተልኝ፣ መታወቂያዬን እያገላበጠ።

ወጥ ቤቱ እንደ መስተዋት የጸዳ ነው። የዕቃ ማጠቢያውን ሲንክ ሥር ስከፍተው ግን ባልዲው ሞልቶ ይፈስሳል። በዙሪያው ፎጣዎች ታጥፈው ተደርድረዋል፤ ቱቦው በቴፕ ላይ ቴፕ ተጠምጥሞበት ወፍራም ሆኗል። ወለሉ ሲረገጥ ይሰምጣል፣ ከግድግዳው ሥር ሻጋታው ጠቁሯል። የጠራሁት የቧንቧ ሠራተኛ ዛሬ የጀመረ አይደለም፣ ዓመታት የቆየ ነው አለ። እዚያው ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ማስታጠቢያው ትዝ አለኝ። ያከበረችኝ መስሎኝ ነበር እኮ። ለካ እንዳላይ ነው።

በላዩ ላይ ኢንሹራንሱ መጣ። ያንን ቤት ስንለቅ፣ እኛ ወጥተን ተከራይ ገባ ብለን አልነገርናቸውም ነበር። ወረቀቱ የሚለው እናንተ የምትኖሩበት ቤት ነው፣ እናንተ ደግሞ የላችሁበትም፤ ቀስ እያለ ለዓመታት የፈሰሰ ውኃማ ጭራሽ አይሸፈንም አሉን። የነሱን ዕቃ የሚሸፍን የተከራይ ኢንሹራንስም እንዲገቡ አልጠየቅኳቸውም፤ ሶፋቸውና የልጁ አልጋ በሻጋታ ሽታ ተበላሸባቸው። የሽማግሌውን ኮርኒስም፣ የእኛንም ወለል ለማሠራት አሁን የምንኖርበትን ቤት አስይዘን ተበደርን። ታዴዎስ ስልክ አንሥቶ ወንድሜነህን፣ አንድ ስልክ መደወል ምን ይከብዳል አለው። ወንድሜነህም ዘጋው። ይኸው እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ይቆማሉ።

እታለማሁ ከዳላስ በመጣች ማግስት አገኘኋት። አልጮኽኩም። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። እሷም፣

«ስለዚያች ነርስ ስትነግሪኝ አብሬሽ ስቄ ነበር» አለችኝ። «ታዲያ እኔም ጠብ፣ ጠብ እያልኩ ልደውልልሽ? የማይጨመርብኝ ኪራይ እየከፈልኩ? አበልጅሽ ባልሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን እደውልልሽ ነበር።»

ጠዋትና ማታ ባልዲ እየደፋች፣ ባሏ ቴፕ እየገዛ፣ እኔን ላለማስቸገር ቤቴን ሲያበሰብሱት ኖሩ። እኔ ደግሞ እሷን ላለማሳፈር አንድም ቀን ሲንኩን ሳልከፍት ኖርኩ። ማንን ልውቀስ? ሌባ ቢሆኑ፣ ኪራይ ቢያስቀሩብኝ እንዴት ቀላል ነበር እላለሁ አንዳንዴ፤ ሰው የሚጠላው ነገር ሲያገኝ ያርፋል።

ወለሉ ሲነሣ ቤቱን መልቀቅ ነበረባቸው። ከወንዙ ማዶ፣ ሪቨርዴል ፓርክ፣ የወንድሜነህ እህት ቤት ምድር ቤት ውስጥ ገቡ። ዓብዩን ትምህርት ቤቱን ላለማስቀየር በየቀኑ ድልድዩን አቋርጠው ያመላልሱታል። የትራፊኩን ነገር አንቺም ታስታውሺዋለሽ፤ ልጁ መኪና ውስጥ ቁርሱን በልቶ መኪና ውስጥ የቤት ሥራውን ይሠራል። እኔ ዳቦ ጋግሬ ልኬላት፣ ዕቃውን አጥባ ባዶውን መለሰችልኝ። እታለማሁ ባዶ ዕቃ መልሳ አታውቅም።

አሁን ቤቱ ተሠርቷል። ታዴዎስ እንሽጠው ይላል። ኤጀንቱ ደግሞ ልክ ነበርኩ ሳይለኝ፣ የማታውቂውን ሰው በወግ አከራዪ፣ የሚያስተዳድርልሽ ድርጅት ይኑር፣ አንቺ ከመሃል ውጪ ይለኛል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ግን እነ እታለማሁ ካልተመለሱ ያ ቤት ተሸጠ ተከራየ ለእኔ ያው ነው፤ አበልጄን አጣኋት ማለት ነው። ይህን ሳወራ ቤዚ ከላይ ወርዳ፣ ታዲያ ውል ጽፈሽ ስጫት፣ ውል ስድብ አይደለም አለችኝ በእንግሊዝኛ። ስድብ ነው እኮ በእኛ አገር አልኳት። እናንተ እኮ ሳትሰዳደቡ ነው ቤቱን ያፈረሳችሁት ብላኝ ወደ ክፍሏ ወጣች። የወለድኳት ልጅ።

እንግዲህ ቅዳሜ መኪና ውስጥ የተደበቅኩት ለዚህ ነው። እታለማሁ የቀሩትን ዕቃዎቿን ልትወስድ እንደምትመጣ ነግራኝ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ፖስታ አለ፤ ፖስታው ውስጥ ውል። የተበላሸ ነገር በተገኘ ቀን ይነገር ይላል፤ የቤቱ ባለቤት አስቀድማ ቀን አስታውቃ ቤቱን ታያለች፣ አንድ ቁልፍ እሷ ዘንድ ይቀመጣል ይላል፤ ኪራዩ በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚጨምርም ይናገራል። ኢንሹራንሱንም አስቀይሬዋለሁ። ያ ወረቀት እንደ ድንጋይ ከበደኝ። ስታነበው ፊቷን ማየት ፈራሁ። በመጨረሻ ጥበቃው ለሁለተኛ ጊዜ ወደ እኔ መምጣት ሲጀምር ወረድኩ።

ቤቱ ባዶ ነው። የምታስቀምጠኝ ወንበር እንኳ የላትም፤ ግራ ገብቷት መሃል ወለሉ ላይ ቆማለች። እኔ ወጥ ቤት ገባሁ። ቧንቧውን ከፍቼ፣ እዚያው ቆሜ እጄን ታጠብኩ። ከኋላዬ ታየኛለች። ፎጣ ስላልነበረ በነጠላዬ ጫፍ አድርቄ ፖስታውን ሰጠኋት። ሳትከፍተው በእጇ አገላበጠችው። ወንድሜነህ ይየው፣ እሱ ምን እንደሚል አላውቅም፣ ታዴዎስ የተናገረውን አልረሳውም አለችኝ። እሺ አልኳት። ካርቶኗን አንሥታ እስከ በሩ ድረስ ሄደች። እዚያ ቆመችና፣ እኔን ሳታይ፣ ወደ ኮሪደሩ እያየች፣

«የዓብዩ መኝታ ቤት መስኮት አይገጥምም» አለችኝ። «ከገባን ጀምሮ ነው። ብርዱ ሲመጣ ብርድ ልብስ እንሰካበታለን።»

እትዬ፣ ያን ሁሉ ዓመት ስትኖር የመጀመሪያዋ አቤቱታ ናት። ላቅፋት ፈልጌ ነበር፤ ግን እንዲያ ባደርግ መልሳ የምትውጠው መሰለኝ። ሐሙስ የሚሠራ ሰው ይመጣል ብቻ አልኳት፣ አከራይ እንደሚለው። እሺ ብላ ወጣች። መስኮቱን ሄጄ አየሁት፤ ጣቴ በክፍተቱ ያልፋል። ልጁ እዚያ አጠገብ ነው የተኛው፣ ያን ሁሉ ብርድ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ልጅቷን አከራዪያት፣ ደስ ይለኛል፤ ግን ውሉን ጻፉ፣ ወረዳ ወስዳችሁም አስመዝግቡት። እናቷ ብትቀየም አንድ ሳምንት ነው የምትቀየመው። ያ የጀርባው ቆርቆሮ ዝናብ ሲመታው ያስገባ እንደነበር አውቃለሁና እሷ ሳትገባ ሚናስ ወጥቶ ይየው። ቤቱን ልታዪ ስትሄጂ ምንም አትብዪባት፤ ሶፋም ላይ አትቀመጪ። ሲያምርሽ በሌላ ቀን እንደ አክስቷ ሄደሽ ብዪ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁልፉን ስትረከብ፣ የተበላሸ ነገር ደብቀሽኝ የደረስኩበት ቀን ነው የምንጣላው በያት። በዚሁ ቃል በያት። እኔ ይህን ለእታለማሁ ብናገር ኖሮ ዛሬ ባዶ ዕቃ አይመለስልኝም ነበር።

ለጋሼ ንጋቱ ጉልበት ቅባቱ ብስራት ሻንጣ ውስጥ ነው፤ እግራቸውን ስሚልኝ። ሚናስን፣ አለቃህን ፈርተህ ራት እንዳታጣ በይልኝ። ለዮዲ የላክሁት ጫማ ቢጠባት ለቅሶ የለም፣ ቁጥሯን እውነቱን ትንገረኝ። ለማኅበርተኞችሽ ሁሉ፣ በተለይ ለልጅቷ እናት፣ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ውሉ የማን ምክር እንደሆነ ግን አትንገሪያት። ታዴዎስ እንደ ወትሮው እጅ ይነሣል፤ ቤዚም በአማርኛ «እወዳችኋለሁ» ብላለች፣ አስገድጄ አይደለም።

መስኮቱ ሐሙስ ይሠራል። ሌላው ግን በወንድሜነህና በእሷ እጅ ነው። ፖስታው ተፈርሞ ይምጣልኝ ወይም እንደታሸገ ይመለስልኝ፣ ባወቅኩበት ቀን እደውልልሻለሁ። ያን ዕለት ስፒከሩን ክፈቺው፣ ለጨው የመጣችውም ትስማ።

እህትሽ ብርሃነሽ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር ፰ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.